ለዘሐራ ያየኋት አውቶሞቢል

ጋራዤን ከዘጋሁ ወዲህ ጉልበቴ ትንሽ አረፈ፤ ሰው ግን አላሳረፈኝም። መኪና ልገዛ ነውና ይዩልኝ የሚል አሁንም በሬን ያንኳኳል። ከመኪና ሥር ገብቼ መውጣት እንደማልችል ስነግረው፣ እንግዲያው እንዴት እንደሚታይ ይንገሩኝ ይላል። ለአንዱ ያወራሁትን ለሌላው ከምደግም ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው ይህን የጀመርኩት። ትምህርቴ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ከመለየት ብዙም አላለፈም፤ የተንጋደደ ነገር ብታገኙ እያቃናችሁ አንብቡት።

ሥራ የገባሁት በጉርምስናዬ ነው፣ መንገድ ሥራ ካምፕ። ያኔ ከደሴ ወደ መካነ ሰላም የሚመጣው መንገድ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነበር። መኪናው ጭቃ ውስጥ ያድራል፣ ተሳፋሪው አጠገብ ካለ ገበሬ ቤት ያድራል። እኔ የተቀጠርኩት ድንጋይ ልሸከም ነው። አንድ ቀን የካምፑ ዋና መካኒክ የተፈታ ሞተር በጋዝ የሚያጥብላቸው ሰው ፈለጉና መጥተው እጃችሁን አሳዩኝ አሉን። ጓደኞቼ እንዳለ ዘረጉ። እኔ በሱሪዬ ጠርጌ ዘረጋሁ። "ይኼ ይምጣ" አሉ። ጋሼ ይማም ይባላሉ። እንጀራዬን ያገኘሁት ከእሳቸው እጅ ነው።

ጋሼ ይማም ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ነበሩ። ደሞዛቸው ከእኔ ብዙም አይበልጥም ነበር፤ ግን አለቃው ሳይቀር መኪና ሊገዛ ሲያስብ እሳቸውን ይዞ ነበር የሚሄደው። እኔም ዕቃ ተሸክሜ እከተላለሁ። የመኪና አስተያየታቸውን የተማርኩት እንዲሁ ከኋላ ከኋላ እየሄድኩ ነው።

መጀመሪያ መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ ያሳርፋሉ። ሞቅ ካለ ተመልሰው ይሄዳሉ፤ ነገ ጠዋት እንመጣለን፣ እስከዚያ እንዳታስነሱት ይላሉ። የታመመ ሰው የሚታወቀው ጠዋት ከመኝታው ሲነሳ ነው፣ መኪናም እንደዚያው ነው ይሉ ነበር። ከቀዘቀዘ ደግሞ ኮፈኑን ሳይከፍቱ ከሥር ይገባሉ። ሻጭ የሚያጥበው ላይ ላዩን ስለሆነ እውነቱ ያለው ከሥር ነው። ከዚያ ሞተሩን ያስነሱና የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ቀለሙን ፀሐይ በጎን ስትመታው ነው የሚያዩት፤ ተገጭቶ ስቱኮ የተሞላ ላሜራ ያን ጊዜ ነፋስ እንደ ነፈሰበት ውኃ ይንቀጠቀጣል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን እጅ አስተጣጠባቸው ነው። ያዩትን አይተው ሲጨርሱ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ውኃና ሳሙና ይጠይቃሉ። ጣት በጣት፣ ጥፍር በጥፍር ይታጠባሉ። ሻጩ አጠገባቸው ቆሞ ይጠብቃል። ዝምታው ሲበዛበት መናገር ይጀምራል። "ያቺ ትንሽ ድምፅ እኮ ያው የጎማው ናት" ይላል፣ ማንም ስለ ድምፅ ሳይጠይቀው። "ካምቢዮው ባለፈው ነው የታየው፣ ምንም አይልም" ይላል። ጋሼ ይማም ይታጠባሉ። ፎጣውን ሲቀበሉ እሳቸው ያላዩትን ሻጩ ራሱ ነግሯቸው ይጨርሳል።

ካምፑ ሲነሳ አጅባር ሄድን። እዚያ እህል የሚያመላልሱ መኪናዎች ነበሩ፤ ጭነቱን የሚሸከመውን የባሌስትራ ብረት ሥራ የተማርኩት በእነሱ ነው፣ ምክንያቱም ከአጅባር ጤፍና ገብስ ጭኖ ሳይሰበር የሚወጣ ባሌስትራ አልነበረም። አለቃችን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ብሎን ሲጠፋ ግን የራሱ ጥርስ እንደ ወለቀ ይቆጥረው ነበር። ከዚያ ወረኢሉ ገባን፣ ጋሼ ይማም የራሳቸውን ትንሽ ጋራዥ ከፈቱ። የሙያችን ከባድ ቀን የደረሰብን እዚያ ነው።

አንድ የበግ ነጋዴ ነበር። ሥራ ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ላይ በጣም ያማረች መኪና አገኘና ጋሼ ይማምን እዩልኝ አለ። አዩለት። እኔም ከሥሯ ተኝቼ አይቻለሁ፤ አዲስ ማለት ትችላላችሁ። ጎማው ላይ የሚሸከሟት እግሮቿ በሞላ ሳይሆን በአየር የሚሠሩ ነበሩ፣ ሲሄዱባት እንደ ጀልባ ናት። ጋሼ ይማም እጃቸውን ታጥበው፣ ዋጋዋን ታወጣለች አሉ። ሰውየው በጎቹንና በቅሎዎቹን ሸጦ ገዛት። ሁለተኛው ክረምት ላይ አየሩ አመለጠና እንደ ግመል ተንበረከከች። እኛ የምንችለውን ሞከርን። ዕቃውን ደሴ ፈለግን፣ አዲስ አበባ ሰው ላክን፣ የለም። ያ ነጋዴ በቅሎ እንኳን ሳይኖረው በእግሩ ገበያ መውጣት ጀመረ። መኪናዋ ግቢው ውስጥ ቆማ ዶሮዎች ገብተው እንቁላል ይጥሉባት ነበር።

ጋሼ ይማም በየገበያው ቀን እዚያ ግቢ ይሄዱና መኪናዋን ቆመው አይተዋት ይመለሳሉ። ነጋዴው አንድም ቀን ክፉ አልተናገራቸውም፤ ያ ነው ይበልጥ የከበዳቸው። አንድ ቀን ስንመለስ መንገድ ላይ፣ "መኪናዋን አየሁለት። ሰውየውን ግን አላየሁለትም" አሉኝ። ከዚያ ወዲያ አንድ ልማድ አበጁ። የሚገዛውን ሰው፣ ማን ይሳፈርባታል፣ የት ድረስ ትሄዳለች ብለው ይጠይቃሉ። ከዚያ የተባሉትን ሰዎች በሙሉ ያስጭናሉ፣ ሽማግሌም ይሁን ነፍሰ ጡር፤ በዚያው በተባለው መንገድ ያስነዳሉ፤ እሳቸው ከኋላ ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ። ያን ሳያደርጉ ዋጋ አይናገሩም። ጋሼ ይማም ካለፉ በኋላም እኔ መካነ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ ጋራዥ ከፍቼ ስሠራ ይህን ልማድ አልተውኩም። ሰው ይስቅብኝ ነበር። አንዱ እንዲያውም አማቱን አስጭኜበት፣ "መኪናውን ነው እንጂ ትዳሬን እዩልኝ መቼ አልኩ" ብሎኛል።

ዓመቱ ሄደ። የጭነት መኪናው ላይ ሚኒባስ፣ ሚኒባሱ ላይ ባጃጅ መጣ። ከዚያ ዓረብ አገር የሄዱት ልጆች መመለስ ሲጀምሩ፣ ዝቅ ዝቅ ያሉ ትናንሽ አውቶሞቢሎች መንገዳችን ላይ ብቅ አሉ። ዕውቀቱም ተለወጠ። ደሴ አንድ ወጣት ኮምፒዩተር አለው፣ ገመዱን ሰክቶ መኪናዋ ራሷ ሕመሟን እንድትናገር ያደርጋል። ሄጄ አየሁት። እኔ በካቻቢቴ ግማሽ ቀን የምፈልገውን እሱ ሻይ ሳይጠጣ ያገኘዋል። ሰው አይቀናም አልልም፤ ግን ልጁ ጨዋ ነው፣ የሚለውም ልክ ነው። ጉልበቴም አልታዘዝ ብሎኝ ስለነበር፣ ይኸው ጊዜው ነው ብዬ ልዘጋ ወሰንኩ። ዘሐራ የመጣችው ዕቃዬን በካርቶን እያሰርኩ ሳለ ነው።

ዘሐራ የእትዬ ሐሊማ ልጅ ናት። እትዬ ሐሊማ ከከተማው ወደ ዓባይ በኩል ዝቅ ባለው መንደር ነው የሚኖሩት፤ ባላቸው ሞተውባቸው ሁለት ልጆች በገብስና በበግ አሳድገዋል። ዘሐራ ገና ልጅ ሳለች ሳውዲ ሄዳ አንድ ቤት ውስጥ ብዙ ዓመት ሠራች። የመጣች ጊዜ የተጠራቀመውን ይዛ ነው። ወንድሟ ሰይድ ከፊት ከፊት ይናገራል፣ እሷ ከኋላው ትሰማለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙላት የሚባል የደሴ ደላላ የጀርመን ሥሪት የሆነች፣ ትንሽ ግን የባለጸጋ አውቶሞቢል አግኝቶላቸዋል። በነዳጅ የሚሄድ መኪና ወደ አገር እንደ ልብ መግባት ከቀረ ወዲህ ያለው ሁሉ ዋጋው ሰማይ ነክቷል፤ የዚችማ ልኩን እዚህ አልጽፈውም። ቤት የሚሠራ ገንዘብ ነበር፣ ዘሐራ ካላት ላይ የሚተርፍ የለም። በኮንትራት ሙሽራና በሽተኛ እያመላለሰች ልትኖርባት ነው ያሰበችው። ሰይድ፣ በዚያው ገንዘብ ሁለት ሌላ መኪና እንደሚገዛ እየነገረኝ፣ "ግን እሷ ከዚች ሌላ አላይም አለች ጋሼ" አለኝ።

ለምን አልኳት። መጀመሪያ አፈረች። ከዚያ ስታወራ፣ እዚያ የነበረችበት ቤት እመቤት እንደዚችው ዓይነት መኪና እንደነበራቸው ነገረችኝ። እመቤቲቱ ከኋላ በስተቀኝ ይቀመጣሉ። ወንበሩ ቆዳ ነው፣ ቁልፍ ሲጫኑለት ይሞቃል። ዘሐራ በየማለዳው ያን ቆዳ በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች። "ስወለውለው፣ እናቴን እዚህ ላይ ባስቀምጣት እል ነበር" አለች። "ሌላ ነገር ተመኝቼ አላውቅም።"

መጥቼ አያለሁ አልኳት።

ቀኑ ጥር ነበር፣ ሰማዩ የጠራ፣ ነፋሱ የሚቆርጥ። ዘሐራ ከተማ ወደ ተከራየችው ግቢ ጠዋት ስደርስ ያልጠበቅኩትን አገኘሁ። ሽማግሌዎች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ዳቦ ተጋግሯል፣ በግ ታስሯል። ሸህ አሊ መሃል ላይ ናቸው። መኪናዋ በሩ ላይ ቆማለች፣ ነጭ፣ ታጥባ እንደ እንቁላል የምታበራ። ሙላት ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ፣ ሸሆቹን አናስጠብቃቸው ይላል።

የእኛን አገር ለማያውቅ ሰው ይህን ላስረዳ። እኛ ዘንድ፣ እስላም እንሁን ክርስቲያን፣ ትልቅ ዕቃ ሲገዛ ዱዓ ይደረጋል። ዱዓ ከተደረገበት በኋላ ዕቃው ተባርኳል፤ ጉድለት ፈልጎ ማውጣት ነውር ነው፣ አሚን ያሉትን ሽማግሌዎች እንደ መሳደብ ነው። ሰይድ በቅንነት ነው ያደረገው፣ ዱዓው ቢቀድም ነገሩ ይቃናል ብሎ። ሙላት ግን የወሎ ልጅ ነው፣ ዱዓው ከቀደመ እኔ አፌን እንደማልከፍት ያውቃል።

ጫማዬን አውልቄ ከሸህ አሊ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ ስለ ቤተሰብ ስለ ከብት ተጠያየቅን። ከዚያ ዝቅ አድርጌ መኪናዋን ገና እንዳላየኋት ነገርኳቸው። ሸህ አሊ ጢማቸውን አሻሹ።

"ተፈራ፣ እኛ መቼ ፍሬን አይተን ዱዓ አድርገን እናውቃለን?" አሉ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። "ግን ላልታየ ነገር አሚን ማለትም ይከብዳል። አሁን ለመንገዳችሁ እናደርግላችኋለን። ለዕቃው ስትመለሱ።"

እንደዚያው ሆነ። እጃችንን ዘርግተን ለመንገዱ አሚን አልን፣ እኔም ተነስቼ መዳፌን ኮፈኑ ላይ አሳረፍኩ። ቀዝቃዛ ነው። ሙላት ሌላው ቢቀር በዚህ አላታለለም።

ሰይድ ክሪኩን አገዘኝና ከሥር ገባሁ፤ ጉልበቴ ጮኸ። የዘይት ጠብታ የለም። ዝገት የለም፣ የተበየደ የለም። በሮቹን የሚይዙትን ብሎኖች አየሁ፣ ቀለማቸው አልተነካም፤ በር ተገጭቶ ቢቀየር ኖሮ ቁልፍ የገባበት ይታወቃል። የደኅንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳብኩት። ጎርፍ የገባበት መኪና ሁሉ ነገሩ ሲታጠብ ቀበቶው ከተጠቀለለበት ውስጥ ጭቃ ይቀራል፤ የዚች ንጹሕ ነው። ምንጣፉን አንስቼ አሸተትኩ። ሞተሯን አስነሳን፣ ካቻቢቴዬን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። ከጥንት ጀምሮ ብዙ ሞተር ሰምቻለሁ፤ እንደዚች በጸጥታ የሚተነፍስ ጥቂት ነው። የደሴው ልጅም በኮምፒዩተሩ አይቷት ጤነኛ ናት ብሎ ነበር፣ እውነቱን ነው።

ውኃና ሳሙና ጠየቅኩ። እንደ ጋሼ ይማም ቀስ ብዬ መታጠብ ጀመርኩ። ሙላት አጠገቤ ቆሞ እግሩን ሲቀያይር ቆየ። መጨረሻ ላይ፣ "ጋሼ፣ ወላሂ ምንም የለባትም" አለኝ። "ስለሌለባት ነው እኮ የሚጨንቀኝ። ጉድለት ቢኖራት ደብቄ አርፍ ነበር።" እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ያስቀኛል።

ዘሐራ ዓይኔን ዓይኔን ታያለች። ገና ነው አልኳት። ማን ይሳፈርባታል፣ የት ድረስ አልኳት፣ ብትነግረኝም። እናቴ፣ እስከ ቤታችን በር አለች።

እትዬ ሐሊማ በማለዳ ከመንደራቸው በእግራቸው መጥተው ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠው ነበር። ጠራናቸው። ዘሐራ የኋላውን ቀኝ በር ከፈተች፣ ወንበሩን በእጇ ጠረግ አደረገች፣ ምንም አቧራ ሳይኖረው። ቀድማ አሙቃዋለች። "እማዬ፣ ግቢ" አለች።

እትዬ ሐሊማ ጎንበስ ብለው ውስጡን አዩ። ከዚያ ልጃቸውን አዩ።

"አንቺ የት ልትቀመጪ ነው?"

"እኔ እነዳለሁ እንጂ፣ ከፊት ነኛ።"

"እኔ ከኋላ?"

"አዎ እማዬ። የክብሩ ቦታ እሱ ነው። እዚያ አገር ትልልቆቹ ሁሉ የሚቀመጡት እዚያ ነው።"

"ይቀመጡ" አሉ እትዬ ሐሊማ። "ስትሄጂ ጀርባሽን አይቼ ነው የቀረሁት። ስንቱን ዓመት ጀርባሽ ነው ትዝ የሚለኝ። ዛሬም ማጅራትሽን እያየሁ ልሄድ?" ዞረው የፊቱን በር እጀታ ፈለጉ፤ መክፈቻው ጠፋባቸው። ሰይድ ከፈተላቸው። ከፊት ተቀመጡ።

ዘሐራ በሩን ይዛ ቆማ ቀረች። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ እኔም በዚያው በተከፈተው በር ገብቼ በሞቀው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እውነት ለመናገር ደስ ይላል። ለጉልበቴ መድኃኒት ነበር። ሰይድ በሌላው በኩል ገባ፣ ሙላት ሽማግሌዎቹ ዘንድ ቀረ።

ዘሐራ ጥሩ ትነዳለች፣ አትጣደፍም። ከተማውን እስክንለቅ መኪናዋ እንደ ውኃ ፈሰሰች። እትዬ ሐሊማ መንገዱን አያዩም። ወደ ጎን ዞረው ልጃቸውን ነው የሚያዩት። አንድ ጊዜ እጃቸውን ዘርግተው ግንባሯ ላይ የወደቀውን ሻሽ አስተካከሉላት። ዘሐራ፣ "እማዬ ተዪኝ፣ ገደል እከትሻለሁ" አለች፤ እየሳቀች ነው።

ዋናውን መንገድ ትተን ወደ መንደሩ ስንታጠፍ የመኪናዋ መከራ ጀመረ። መንገዱን ታውቁታላችሁ፣ የትም ያለ የገጠር መንገዳችን ነው፤ መሃሉ ላይ ድንጋይ፣ ግራና ቀኙ ጎርፍ የበላው። የመጀመሪያው ድንጋይ ሆዷን ሲነካት ዘሐራ ራሷ እንደ ተመታች ትከሻዋን ሰበሰበች። ቀስ አለች። ሁለተኛው ረዘም አድርጎ ፈገፈጋት። እኔና ሰይድ እንዲቀልላት ወረድን፤ ከጎኗ በእግራችን መሄድ ጀመርን። ገብስ ጭነው ወደ ከተማ የሚወጡ አህዮች ነበሩ፤ ባለቤቶቹ መንገድ ለቀቁልን፣ አንዱ ግን አላስቻለውም።

"ሰይድ" አለው፣ "እናንተ ናችሁ እሷን የምትነዷት ወይስ እሷ ናት እናንተን?"

ወንዙ ጋ ስንደርስ፣ በጋ ስለሆነ ውኃው ትንሽ ነው፣ ድንጋዩ ግን እንዳለ ነው። እዚያ ላይ ጎንበስ ብዬ አየሁና እጄን አነሳሁ፤ የሞተሩ ዘይት መያዣ ከድንጋዩ ዝቅ ይላል። ከዚህ ብታልፍ ዘይቷ ይፈሳል። ዘሐራ ሞተሩን አጠፋች። የእትዬ ሐሊማ ቤት ከማዶ ይታያል፣ ቆርቆሮው ያበራል።

እትዬ ሐሊማ በሩን ከፍተው ወረዱ። ነጠላቸውን አጣፉ። "ከዚህ ወዲያ እግሬ ያውቀዋል" አሉ። "ቤት ገብቼ በጎቹን ፈትቼ እመጣለሁ። እናንተ ተነጋገሩ።" ድንጋዩን እየረገጡ ተሻገሩ፣ ሰይድም ሊደግፋቸው ተከተላቸው።

ዘሐራ መሪውን እንደ ያዘች ቀረች። እኔ ከፊት፣ እናቷ በነበሩበት ተቀመጥኩ።

"ጋሼ" አለች። "እውነቱን ይንገሩኝ። ዋጋዋ ይገባታል?"

እኔም እንዲህ አልኳት። "መኪናዋ እንከን የላትም፣ ዋጋዋን ታወጣለች። ደሴ የምትኖሪ፣ ከአስፋልት የማትወርጂ ብትሆኚ ግዢ ነበር የምልሽ። ግን ልጄ፣ የዚህ ሁሉ ብር ግማሹ የሚከፈለው ለዚያ ከኋላ ላለው ወንበር፣ ሌላው ግማሽ ደግሞ ለለስላሳ መንገድ ነው። መንገዱ የለንም። ወንበሩን እናትሽ አልፈለጉትም።"

ቅር አላት ብዬ ነበር። እናቷና ወንድሟ ማዶ ዳገቱን ሲወጡ ታያለች።

"እኔ እኮ እናቴ እንደዚያች የሳውዲዋ ሴትዮ እንድትሆን ነበር" አለች በመጨረሻ። "እሷ ግን ያቺን ሴትዮ አታውቃትም።"

"አያውቋትም" አልኩ።

"ለእኔ ነበር ማለት ነው የምገዛት።"

የመኪና ነገር እዚያ ላይ ያበቃል። እትዬ ሐሊማና ሰይድ ሲመለሱ መኪናዋን እያየንላት ወደ ኋላ አዞረቻት፣ ከመጣችበትም ቀስ ብላ አወጣቻት።

ግቢው ስንደርስ ሙላት ፊታችንን አይቶ ገባው። ዘሐራ ቁልፉን በሁለት እጇ ሰጠችው፣ አመሰገነችው፤ መኪናዋ ጥሩ መሆኗን ለሚጠይቅህ ሁሉ እመሰክራለሁ አለችው። ሙላትም አልተቀየመም፤ አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ ገዢ አታጣም አላት። እውነትም በዚያው ወር ደሴ ውስጥ አንድ ሐኪም ገዛት፣ ከተባለው ዋጋ ሳይቀንስ። ሸህ አሊ ዕቃ ሳይኖር በጉ ታርዶ ስለነበር፣ "እንግዲህ ለበጉ እናድርግ" ብለው ሰውን አሳቁና ለዘሐራ ዕድሜዋንና እንጀራዋን መረቁላት።

እሷም ብዙ አልቆየችም። ከወራት በኋላ ከፍ ያለች፣ ቀለሟ የጠወለገ አሮጌ ፒክአፕ አገኘች፤ የመጨረሻ ጊዜ ከመኪና ሥር የገባሁት ለእሷ ነው። ባሌስትራዋን አጠናከርንላት፣ ፍሬኗን አደስን፣ ያን ወንዝም ተሻገርንባት። ገንዘቡም ተርፏት ለእናቷ ቤት ውኃ አስገባችበት። አሁን ከመንደሩ ገበያ፣ ከገበያ መንደር ሰውና እህል ታመላልሳለች፣ በሽተኛ ሲኖርም ደሴ ታደርሳለች። ሥራዋ ጥሩ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ በሬ ላይ አቁማ ሰላም ልትለኝ ወረደች። ከኋላ ሰው ሞልቷል። ጋቢናው ውስጥ እትዬ ሐሊማ ተቀምጠዋል፣ ምንም ጉዳይ ሳይኖራቸው፤ በየገበያው ቀን እንዲሁ ሄደው ይመለሳሉ አሉ። ጋቢና ደግሞ፣ እንደምታውቁት፣ ከሁሉም ቦታ የበለጠ የሚከፈልበት ነው።

"ጋሼ" አለችኝ ዘሐራ፣ እናቷ እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ "ይቺን መኪና ሲያዩልኝ አንድ ወንበር እንደሚጎድላት አልነገሩኝም።"

እትዬ ሐሊማ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። "ንጂ ንጂ፣ ሰው ይጠብቅሻል" አሏት፤ ወደ እሷ በኩል ተመቻችተው ዞረው ተቀመጡ።